ጣና ላይ ድሮን ሲያስቸግራችሁ

ባሕር ዳር ውስጥ ድሮን ያለው ሰው ሲቸገር ብዙ ጊዜ እኔ ጋ ይደውላል። መሐንዲስ ሆኜ አይደለም። ሠርግ እቀርጻለሁ፣ ለሎጆችና ለሆቴሎች ቪዲዮ እሠራለሁ፣ ሐይቁ ላይ ማብረር ደግሞ ከሌላው ሰው ትንሽ ቀደም ብዬ ጀምሬያለሁ፤ በቃ ይኸው ነው። የሚደውለው ሁሉ «ድሮኔ ተበላሸብኝ፣ የሚሠራ ሰው ታውቃለህ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ቆመህ ነው ያስነሳኸው?» ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጨዋታ ስለ ብልሽት መሆኑ ይቀራል። ሜዳ ላይ ሲበር የከረመ ድሮን ጣና ዳር ሲመጣ ጠባዩ የሚቀየረው ታሞ አይደለም። ከሥሩ ውሃ ነው፣ የሚነሳበት ቦታ ጀልባ ወይም የሆቴል ጣሪያ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አለ። ማሽኑ እነዚህን አያውቃቸውም፣ ማወቅ ያለበት አብራሪው ነው። ስለዚህ ብሎን ወደ መፍታት ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ የምጽፈውን አንድ በአንድ እዩት።

አስቀድሜ አንድ ነገር። አገራችን ውስጥ ድሮን እንደ ካሜራ ገዝተው ወዲያው የሚያነሱት ዕቃ አይደለም። ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ኢንሳን (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን) ማለፍ አለባችሁ፣ ሲቪል አቪዬሽንም አለ፣ ያለ ወረቀት በቦሌ ይዞት የሚመጣ ሰው ዕቃውን ጉምሩክ አስቀምጦ ነው የሚወጣው። የባሕር ዳር ኤርፖርትም ለከተማው ቅርብ ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ መሞከሩን እርሱት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ያለንበት ጊዜ አለ። ዱሮ ድሮን ሲነሳ ልጆች እየተሯሯጡ ይመጡ ነበር፤ አሁን ያን ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፣ ለምን ብሎ መጠየቅም አያስፈልግም። እኔ ፈቃዱን በእጄ ይዤ እንኳ ለጸጥታ ሰዎች ሳላሳውቅና ለአካባቢው ሰው ሳልነግር ባትሪ አልከትም። ይህ ካልተሟላ የሚቀጥለውን ሁሉ ለሌላ ጊዜ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ውሃው። በጣም የሚደጋገመው ቅሬታ «ውሃው ላይ ዝቅ ሳደርገው ዝም ብሎ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ሳላዘው ይወርዳል» የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ትንንሾቹ ድሮኖች አብዛኞቹ ሆዳቸው ላይ ወደ ታች የሚያይ ካሜራና ከመሬት ያላቸውን ርቀት የሚለካ ሴንሰር አላቸው። ካሜራው ከሥር ያለውን ሳር፣ ጠጠር፣ የአስፋልት ስንጥቅ እንደ ምልክት ይይዝና ድሮኑ ካለበት ንቅንቅ እንዳይል ያግዘዋል። ውሃ ላይ ግን የሚይዘው ምልክት የለም። የረጋ ውሃ ሰማዩን መልሶ ያሳየዋል። ማዕበል ያለው ውሃ ደግሞ ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ድሮኑ የተንቀሳቀሰው እሱ ራሱ ስለሚመስለው ለማስተካከል ብሎ ማዕበሉን ተከትሎ ይሄዳል። ርቀት የሚለካውም ሴንሰር ከውሃ የሚመለስለት ነገር ስለሚዛባበት ከፍታውን ያጠፋዋል።

መፍትሔው ከፍ ማለት ነው። የእነዚህ የታችኛው ዓይን በደንብ የሚሠራው እስከ 10 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ድሮኑ እሱን ትቶ በጂፒኤስ ይቆማል። እኔ ሐይቁ ላይ ከ10 ሜትር በታች የምወርደው ደንበኛው «ውሃውን እየነካ የሚሄድ የሚመስል» ቀረጻ ሲፈልግ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የድሮኑ አፕ የሚፈቅድ ከሆነ የታችኛውን ሴንሰር አጠፋዋለሁ፣ ዓይኔን ከስልኩ ላይ አንስቼ ድሮኑ ላይ አደርጋለሁ፣ አውራ ጣቴም ወደ ላይ በሚያወጣው ስቲክ ላይ ይቆያል። ቪዲዮውን ማታ ቤት ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። በዚያች ሰዓት የሚታየው ድሮኑ ነው።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር እምቦጩና ደንገሉ ነው። ከዳር አካባቢ እምቦጭ በሸፈነው ውሃ ላይ ድሮኑ አንበሳ ሆኖ ይቆማል፤ ቅጠሉን እንደ መሬት ስለሚያየው ነው። «ዛሬስ ጥሩ ነው» ብላችሁ ወደ ክፍቱ ውሃ ስትሻገሩ ምልክቱ ድንገት ይጠፋበታል፣ መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ ከቅጠሉ ጠርዝ ሳትወጡ በፊት ከፍ አድርጉት። ታንኳ ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች አናት ላይም አትቁሙ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከታንኳቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ይቺን ነገር ከአናቴ ላይ ዞር አርግልኝ፣ መረብ ይዤ ነው» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። የደንገል ታንኳ እንኳን የድሮን ነፋስ ተጨምሮበት እንዲሁም ሚዛን ይፈልጋል።

ጀልባ ላይ የሚያስነሱት ሰዎች ችግር ሌላ ነው። መጀመሪያ «ሞተሩ አልነሳም አለ» ይላሉ። ድሮን ሲበራ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ውስጡ ያሉት ሴንሰሮች ዜሮአቸውን የሚያገኙት ያኔ ነው። የጀልባው ሞተር እየነዘረ፣ ማዕበሉ እያወዛወዘ ይህ አይሆንም። ካፒቴኑን ሞተሩን እንዲያጠፋ ጠይቁት፣ ካልሆነ ድሮኑን ገና ወደብ ላይ ሳላችሁ አብሩትና ዝግጁ ሲል ይዛችሁት ግቡ። እነዚህን ሴንሰሮች «ካሊብሬት አድርግ» (እንደገና አስተካክል) ብሎ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ጀልባ ላይ እሺ አትበሉት። ያ ሥራ ቤት፣ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ሆም ፖይንት ነው። ድሮኑ «ቤቴ» ብሎ የሚይዘው ጀልባዋን ሳይሆን ሲነሳ ጀልባዋ የነበረችበትን ቦታ ነው። ወደ ዘጌ እየሄዳችሁ አስነስታችሁት ጀልባዋ መንገዷን ከቀጠለች፣ ባትሪው ሲያንስ ወይም ከሪሞቱ ጋር ሲቆራረጥ ድሮኑ በታማኝነት ወደዚያች ቦታ ይመለሳል። በታማኝነትም ውሃው ላይ ያርፋል። የማውቀው ልጅ ድሮን እንዲህ ሄዷል፤ ቪዲዮውን ስልኩ ላይ አይቼዋለሁ፣ ውሃው እየቀረበ እየቀረበ ይመጣና ምስሉ ይቆማል። ብዙዎቹ አፖች ሆም ፖይንቱን ወደ ሪሞቱ ያለበት ቦታ መቀየር ይፈቅዳሉ። ሴቲንጉን ከመሄዳችሁ በፊት ፈልጋችሁ አግኙት፣ ጀልባዋ ትንሽ በተንቀሳቀሰች ቁጥርም ደጋግማችሁ ቀይሩት። ከዚያው ገጽ ላይ ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ ምን እንዲያደርግ ትመርጣላችሁ፤ ይመለስ፣ ባለበት ይቁም፣ ወይስ ይረፍ? ውሃ ላይ «ይረፍ» የሚለውን መምረጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። እኔ ግን የሚቻል ከሆነ ከጀልባ ጨርሶ አላስነሳም። ደብረ ማርያም ደሴት ላይ ወርዳችሁ፣ ወይም ዘጌ ወደብ ላይ ወጥታችሁ ከመሬት አስነሱት። ገዳማቱ ግቢ ላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅዱ፤ «አባቴ፣ ከላይ አንድ ጊዜ ልቅረጽ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ አንዳንዴ ይፈቅዳሉ፣ ጸሎት ላይ ከሆኑ «ቆይ» ይሏችኋል፣ አይሆንም ካሉም አይሆንም ነው።

ነፋሱን ከጀልባ ሰዎች ተማሩ። ከአየር ሁኔታ አፕ ይልቅ እነሱን አምናለሁ። ደሴቶቹ ጋ የሚሄዱ ጀልባዎች ጠዋት የሚነሱት በከንቱ አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ይነሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ስለዚህ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ሌሊት ተገልብጦ ከመሬት ወደ ሐይቁ ይሄዳል፣ ይህም እስከ ማለዳ ድረስ ትንሽ ይቀራል። ለአብራሪ ይህ ትልቅ ወሬ ነው። ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር ዳርቻ ወደ ሐይቁ ስትወጡ ነፋሱን ተጋፍታችሁ ነው፣ ስትመለሱ ይገፋችኋል፤ ባትሪውም ስትሄዱ እንጂ ስትመለሱ አይጨነቅም። ማለዳ ላይ ግን «ውሃው እንደ መስታወት ነው» ብላችሁ ስትለቁት ያቺ ቀላል ነፋስ ከኋላ እየገፋች ሩቅ ታደርስላችኋለች፤ መመለሱ ነው ነፋስን መጋፋት። ብዙ ሰው ባትሪ የሚያልቅበት በነፋሻማ ቀን ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ግን ጸጥ ባለ ማለዳ ነው።

ስለ ነፋሱ ብርታት፦ 250 ግራም የማይሞሉት ድሮኖች አምራቾቻቸው ይቋቋማሉ የሚሉት በሰከንድ 10 ሜትር አካባቢ የሚሆን ነፋስ ነው። ያ ግን ዳርቻው ነው፣ ለመዝናናት የሚሆን አይደለም። ውሃው ላይ ነጫጭ አረፋ መደጋገም ከጀመረ ነፋሱ በሰከንድ ከ5 ሜትር አልፏል ማለት ነው፣ ከላይ ደግሞ ከዚያ ይበረታል። ከነፋስ ጋር እየታገለ አልመለስ ካለ ዝቅ አድርጉት፤ ከታች ነፋሱ ይለዝባል። ስፖርት ሞድ (ፈጣኑ አበራረር) ካለው አስገቡት። ካሜራውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ደረቅ መሬት አምጡት፣ የእናንተ ቦታ ባይሆንም። ሽምብጥ አስነስታችሁ ወራሚት ብታወርዱት ባጃጅ አለ።

ከባትሪ ጋር የሚያያዝ ሌላ ቅሬታ፦ «ካርቶኑ 31 ደቂቃ ይላል፣ የእኔ 20ም አይሞላ፣ አሮጌ ባትሪ ነው የሸጡልኝ»። ሊሆን ይችላል። ግን ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ነፋስ በሌለበትና በባሕር ጠለል ከፍታ አካባቢ የሚለካ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ወደ 16 በመቶ ይሳሳል፤ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፕሮፔለሩ ፍጥነቱን ወደ 10 በመቶ ገደማ ጨምሮ መሽከርከር አለበት። ላዩ ላይ የፕሮፔለር መከላከያ ካሰራችሁበት ክብደቱም ነፋስ የሚይዝበት ገላውም ይጨምራል። እኔ 20 ደቂቃ ካገኘሁ አመስግኜ እመለሳለሁ። ውሃ ላይ ከሆንኩ ባትሪው 40 በመቶ ሲደርስ ፊቱን ወደ መሬት አዞራለሁ፤ ለማየት የሚያስጎመጅ ነገር ቢመጣም።

ኮምፓስ። ይሄን በደንብ አንብቡት፣ ድሮን በርሮ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በሱ ነው። ሠርግ ሲሆን ሰው ሁሉ የሆቴሉ ጣሪያ ላይ መውጣት ይወዳል፤ እይታው ያምራል። ኮንክሪቱ ውስጥ ግን ፌሮ አለ፣ ከጎን የውሃ ታንከር ማቆሚያ ብረት አለ፣ አንዳንዴ የቴሌኮም አንቴና አለ። ድሮኑ እዚያ ተቀምጦ ሲበራ ሰሜንን አሳስቶ ይይዛል። ከጣሪያው ሲነሳ ብረቱ ይርቃል፣ ኮምፓሱም ጂፒኤሱም አልስማማ ይላሉ። ያኔ ድሮኑ ባለበት ከመቆም ይልቅ መዞር ይጀምራል፤ ክቡ እየሰፋ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ። መኪና ኮፈን ላይ፣ ብረት ጀልባ ላይ፣ ቆርቆሮ አጠገብም ያው ነው። እንዲህ ሲያደርግ «ይረጋ ይሆናል» ብሎ ስቲኩን ለቆ መጠበቅ አይጠቅምም። ከሕንፃው አርቁት፣ በዓይናችሁ እያያችሁ ሜዳ ላይ አውርዱት፣ አጥፉትና ከሌላ ቦታ እንደገና ጀምሩ።

እኛ ጋ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ አለ። የጣና ዙሪያ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሐይቁም የተገደበው በላቫ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ማግኔት የሚስበው ማዕድን አለ፤ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያስቀመጣችሁት ድሮን ብረት ላይ እንዳስቀመጣችሁት ሊሆን ይችላል። ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ያለ ምንም ብረት የኮምፓስ ስህተት ሲያሳየኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ከድንጋዩ ወደ አፈሩ ሳዛውረው ጠፋ። ስለዚህ ስህተት ሲያሳያችሁ መጀመሪያ ቦታ ቀይሩ እንጂ እዚያው ሆናችሁ ካሊብሬት አታድርጉ፤ መጥፎ ቦታ ላይ ካሊብሬት ማድረግ ስህተቱን እንዲያምነው ማስተማር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የምታዩት አንድ ነገር አለ፦ ካርታው ላይ ያለችው ቀስት የድሮኑ አፍንጫ የሚያይበትን ታሳያለች። አፍንጫው ወደ ሐይቁ ሆኖ ቀስቷ በተቃራኒው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ከሆነች አታስነሱት።

ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቅም። ምሽት ላይ ጂፒኤስ ይዋዥቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጣና የሚያምርበት ሰዓት ስለሆነ ሁላችንም ያኔ ነው የምንወጣው፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንዳንድ ቀን የሳተላይቱ ቁጥር ከ15 ወደ 8 ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። ድሮኑ አይደለም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን በኩል ያልፋል፤ በዚህ አካባቢ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያለው አዮኖስፌር የሚባለው የሰማይ ንብርብር ይናወጣል፣ ከሳተላይት የሚመጣውም ሲግናል ሲያልፍበት ይብለጨለጫል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባል ይህንን የሚያጠና ላብራቶሪ ሳይቀር አለን። መስከረምና መጋቢት አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ ይብሳል፤ ፀሐይ ራሷ በምትናወጥባቸው ዓመታትም እንዲሁ። በየቀኑ አይደለም፣ ግን ሲመጣ ክፉ ሰዓት መርጦ ነው የሚመጣው፤ መሸት ስላለ የታችኛውም ካሜራ አያይም፣ ድሮኑ በሁለቱም ዓይኑ ይታወራል። ያኔ በነፋሱ መወሰድ ይጀምራል፣ በእጅ መንዳት አለባችሁ። ጂፒኤስ አጥፍቶ መንዳት የሚፈቅድ ድሮን ካላችሁ ሜዳ ላይ ተለማመዱት፤ ከሌላችሁ ፀሐይዋ ሐይቁን ስትነካ ቅረጹና እሷ ስትገባ እናንተም አውርዱ።

«ሲነሳ ይገለበጣል» ለሚሉ፦ ፕሮፔለሩ ተቀያይሮ ነው። አንዱ ጥንድ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ ምልክት ያለበት ፕሮፔለር ምልክት ያለበት ክንድ ላይ ነው የሚገባው። በጥቃቅን ብሎን የሚታሰሩት ላይ አሮጌውን ብሎን መልሳችሁ አትጠቀሙ፣ በንዝረት ይፈታል። ቪዲዮው እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፕሮፔለሩን ጠርዝ በጥፍራችሁ አስኪዱት፣ የተበላ ቦታ ታገኛላችሁ። ትርፍ ፕሮፔለር እዚህ ከተማ በፈለጋችሁበት ቀን አታገኙም፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ አስመጡና አስቀምጡ። በበጋ አቧራ ላይ አታስነሱት፣ አንድ ቁራጭ ሸራ ያዙ። ሞተሩን በእጃችሁ አዙሩት፤ አንዱ ከሌሎቹ የሚከብድ ወይም የሚንኳኳ ከሆነ አሸዋ ገብቶበታል።

ሲግናል ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሪሞቱን አንቴና እዩ። ሲግናሉ የሚወጣው ከሰፊው ጎኑ ነው፤ ጫፉን ድሮኑ ላይ እንደ ጠመንጃ የሚያነጣጥሩ ሰዎች ሲግናሉን ራሳቸው ናቸው የሚያሳንሱት። ዘጌ ጫካ ውስጥ ቆማችሁ ከዛፎቹ ማዶ አትላኩት፣ ቅጠል ውሃ ነው፣ ሲግናል ይበላል፤ ወጥታችሁ ዳር ላይ ቁሙ። ስልኩ ፀሐይ ላይ ግሎ አፑ ሲዘጋ ደግሞ ሰው ድሮኑ የጠፋ ይመስለዋል። ድሮኑ እዚያው ነው፣ ሪሞቱም ይሠራል፣ ስልኩን ጥላ ውስጥ አድርጉት። ገመዱም ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሳይሆን ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን። አፕዴትና ካርታ ዋይፋይ ባለበት ቤት ጨርሳችሁ ውጡ። ዳታ ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት አዲስ ድሮን ገዝቶ አክቲቬት ማድረግ አቅቶት ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ።

ወፎች። ዓሣ የሚበለትበት አካባቢ ጭላትና ፔሊካን አይጠፋም፤ ፔሊካኑ ግድ የለውም፣ ጭላትና ዓሣ በል ንስር ግን ይመጣሉ። ሲመጡባችሁ ወደ ጎን አትሽሹ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ። እነሱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያጠቁት፤ ቀጥ ብሎ መውጣት ለወፍ ይከብዳል። ከዚያ ራቅ ብላችሁ አውርዱት፣ ለዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ በቃ ነው።

ጢስ ዓባይ ለሚሄዱ ሁለት ነገር። ፏፏቴው ሲሞላ ጢሱ ውሃ ነው፤ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንና ባትሪ ማስገቢያውን ያርሳል፣ እነዚህ ድሮኖች ደግሞ ውሃ የሚችሉ አይደሉም። ነፋሱ ጢሱን ወዴት እንደሚወስድ አይታችሁ በተቃራኒው ቅረቡ። ሁለተኛ፣ ከፍታ የሚቆጠረው ከተነሳችሁበት ነው። ከፏፏቴው ሥር ቆማችሁ የመመለሻ ከፍታውን 20 ሜትር ካደረጋችሁት ገደሉ ወደ 40 ሜትር ስለሆነ ድሮኑ ሲመለስ ድንጋዩ ውስጥ ሊገባ ነው።

ውሃ ውስጥ ከወደቀስ? ከዳር ከሆነ ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፣ ዋናተኛ ልጆችም አይጠፉም፤ ዓባይ በሚወጣበት በጨረጨራ በኩል ግን ጉማሬ ስላለ ለድሮን ብላችሁ ማንንም አትላኩ። ካወጣችሁት አታብሩት። «ይሠራ ይሆን?» ብሎ መሞከር ነው ቦርዱን የሚያቃጥለው። ባትሪውን ወዲያው አውጡ፣ ያንን ባትሪ ዳግም ቻርጅ አታድርጉት፤ ከቤት ውጭ፣ ከሚቃጠል ነገር ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት፣ የሊቲየም ባትሪ ውሃ ከገባው ቆይቶም ሊነድ ይችላል። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ዕድል አላችሁ፤ ጉዳቱ ከጭቃው ነው። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ ገዝታችሁ ጭቃውን እጠቡት፣ ከዚያ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ ተከፍቶ በአልኮል ይጸዳ። ቲነር እንዳይነካው፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለውን ተዉት፤ የፎገራ ሩዝ ለምሳ ይሁን። ጤፍ ውስጥ የቀበረ ሰው አይቻለሁ፣ ከውሃው ይልቅ ከሞተሩ ውስጥ ጤፉን ማውጣት ነበር የከበደው።

ባትሪ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ግማሽ ያህል ሞልቶ ይቀመጥ፣ 50 ወይም 60 በመቶ። ሙሉ ወይም ባዶ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ሊያብጥ ይችላል። ያበጠ ባትሪ ትንሽም ቢሆን አይበርም፣ ቻርጅም አይደረግም። ከበረራ ሲመለስ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይሰካ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዘል ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን መከላከያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሰኩት፣ ለሠርግ ከሆነ ሁሉንም ከዋዜማው ቀን ሙሉት፣ ጠዋት መብራት ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። በአውሮፕላን ስትሄዱ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም።

የመጨረሻው ሚሞሪ ካርድ ነው። «ቀረጻው በራሱ ይቆማል» ከሆነ ካርዱ ቀርፋፋ ነው። ላዩ ላይ ዩ3 ወይም ቪ30 የሚል ይፈልጋል፤ ጽሑፉም ብቻ አይበቃም፣ አስመስለው የሚሠሩ ስላሉ ገዝታችሁ ከሠርጉ በፊት ቤት ውስጥ ካርዱ እስኪሞላ ቅረጹበትና ከፍታችሁ እዩት። ፎርማቱን በኮምፒውተር ሳይሆን በድሮኑ አድርጉ። ቀረጻውን ሳታቆሙ ባትሪ ካወጣችሁ ወይም ድሮኑ ከወደቀ ፋይሉ አልከፈት ይላል። ያኔ ካርዱን መልሳችሁ እዚያው ድሮን ውስጥ አስገቡና አብሩት፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠግነዋል። ካልሆነ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ሳትቀርጹ አስቀምጡት። ፋይል የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዚያው ድሮንና በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ቪዲዮ ለናሙና ስለሚጠይቁ አንድ አጭር ቀረጻ ካርዱን ቀይራችሁ አዘጋጁላቸው።